ወስዋስ የተባለው ጠብታ

ራቢዓ ቆቦ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ይህን እንድጽፈው የፈቀደችው እሷው ናት፤ አጠገባችን ባሉት ከተሞች፣ ዋጃም ሮቢትም፣ እንደኔ ዝም ያለች አትጠፋም ብላ።

ሽንቷን ጨርሳ፣ ታጥባ፣ ለሶላት ውዱእ አድርጋ ስትነሳ ጠብ ይላል፤ ውዱኡም ይፈርሳል። ተመልሳ ትታጠባለች። የቀትሩን የዙህር ሶላት ውዱእ ሳትጨርስ የዐስር አዛን የሚሰማበት ቀን ነበር።

የባሏ እህት ሰይዳ ትስቅባታለች። «አንቺ፣ ጀሪካኑን ጨረስሽው እኮ! ወስዋስ ነው፣ ሸይጣን በጥርጣሬ እየተጫወተብሽ ነው። ዝም በይው።»

ራቢዓም አመነች። ልብሷ ርሶ እያየች እንኳ የወቀሰችው ኢማኗን ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ውሃ መጠጣት ተወች። በረመዳን ሌሊት ከተራዊህ ሶላት ሰልፍ ቀረች። ከባሏ ከሸረፈዲን ጋር መተኛት ሲያማትም አልነገረችው። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ክሊኒክስ ትሄድ ነበር። ሽንት ሰጥታ፣ የኢንፌክሽን ክኒን ይዛ ትመለሳለች። «አልጋው ላይ ውጪ» ስትባል ግን መርማሪው ወንድ ነውና እምቢ ትላለች። ክኒኑ ሲያልቅ ማቃጠሉ ይመለሳል።

አምና ደም ስትሸና ያገኘቻት አዋላጅ ሴት ነበረች፤ የሻረግ ትባላለች።

«ሲያስነጥስሽ ነው የሚያመልጥሽ ወይስ ጨርሰሽ ስትነሺ?»

«ስነሳ። ወስዋስ ነው እንጂ…»

«ወስዋስ ልብስ ያረጥባል እንዴ፣ እታለም? ነይ፣ ሁለታችን ብቻ ነን።»

የሻረግ በብልቷ በኩል የፊቱን ግድግዳ በጣቷ ስትዳስስ ለስላሳ እብጠት አገኘች። ቀስ ብላ ስትጫነው በሽንት ቀዳዳው መግል ወጣ። ራቢዓ አለቀሰች፤ ከሕመሙ ይልቅ እውነት መሆኑ ነው ያስለቀሳት።

ደሴ ሆስፒታል ሄዳ የኤምአርአይ ምስል ተነሳች። ከሽንት ቱቦዋ ጎን ከረጢት አብጦ ሽንት ያጠራቅማል፤ ስትነሳ የሚፈሰው እሱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ወንድ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ፊቷን ሸፍና አልጋው ላይ ወጣች። ከረጢቱን አውጥቶ ቱቦውን ሰፋ፤ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችልም አልደበቃት።

ሦስት ሳምንት በካቴተር፣ ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ጎማ፣ ሰነበተች። ካቴተሩ የወጣ ዕለት የሆስፒታሉ ሽንት ቤት ገብታ ቆየች። ሸረፈዲን በሩን አንኳኳ። «ምን ሆንሽ?»

«ተነስቼ እየጠበቅሁ ነው።»

ስትወጣ ልብሷ ደረቅ ነው፤ የራሰው ፊቷና ክንዷ ነው። ባሏን አልፋ ወደ ሆስፒታሉ ዘበኛ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ልሰግድ ነው፤ ቂብላ በየት በኩል ነው?»

«በጄኔሬተሩ በኩል፣ እናቴ። ጫማዎን እዚህ ይተዉት፣ እጠብቅልዎታለሁ።»