ለጋሼ ደምሴ የተገዛው የደም ግፊት መለኪያ

ይህ ጉዞ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ብር ወሰደብኝ። አራት ሺህ ሁለት መቶው የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ የቀረው ትራንስፖርት፣ ምሳና ለበሽተኛ መጠየቂያ የሚሆን ሙዝና ብርቱካን። በሽተኛው የእህቴ ባል ጋሼ ደምሴ ነው። ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ ተመርምሮ "ግፊት አለብህ" ከተባለ ወዲህ፣ ጎረቤላ ባለው ቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ክኒኑን ይውጣል፣ ሌላ ሥራ የለውም። እህቴ እትዬ አስካለ በስልክ "ሰውዬው ሊያመልጠኝ ነው" ስትለኝ የገብስ መጋዘኔን ቆልፌ ተነሣሁ።

ጠዋት፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብርዱ እግሬን ጨረሰው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ካርቶኑን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"እስቲ ሾፌሩን ለካልን" አሉ።

"ቁልቁለቱን ከጨረስን በኋላ" አለ ሾፌሩ። "አሁን ከተለካሁ የምትታመሙት እናንተ ናችሁ።"

ሜዳው ገብስና ባቄላ ነው። ሰው መልክዓ ምድር ያያል፤ እኔ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው እገምታለሁ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉም መንገዱን ዋጠው፤ ሾፌሩም ጡሩምባ እየነፋ ቀስ ብሎ ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ ጸሎተኛ ሆነ።

ጎረቤላ

የጋሼ ደምሴ ፊት ከእኔ ይፈካል። እትዬ አስካለ እንጨት ተሸክማ ገባች፤ ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

"ምን ሆነሻል?"

"ራሴን ይወቅረኛል። ብርድ ነው።"

የመለኪያው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቅን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ እሷም ባሏን ልትደግፍ ተከተለችን። ሲስተሯ በጸጥታ አስቀምጣ፣ አሳርፋ ለካችው፦ 165 በ75። ከዚያ ሻሹን አየችና "እርስዎም ይቀመጡ" አለቻት። 138 በ96። ደግማ ለካች፤ ያው ነው።

እኔ ሒሳብ አይጠፋኝም። የላዩንና የታቹን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ፤ እሱ መቶ ሃያ፣ እሷ መቶ አሥራ ሰባት። "ጋሼ ይመራል" አልኩ። ጋሼ ደምሴ ደስ ያለው መሰለኝ።

ሲስተሯ ሳቀች። "አማካዩ እንዲህ አይወጣም፣ ወንድሜ። ልብ ደም የሚገፋው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የሚያርፈው እጥፉን ነው። ስለዚህ የታችኛው ሁለት ጊዜ፣ የላይኛው አንድ ጊዜ ይደመርና ለሦስት ይካፈላል።"

ይሄማ ገብስ ነው። አንድ ኩንታል በውድ፣ ሁለት ኩንታል በርካሽ የገዛ ሰው አማካዩን እኩል መሐል ላይ ካስቀመጠ ከገበያ ይወጣል። እንደገና አሰላሁት፤ እሱ መቶ አምስት፣ እሷ መቶ አሥር።

"አማካዩ ከስልሳ ከወረደ ደሙ አንጎልና ኩላሊት በደንብ አይደርስም፤ ከመቶ ሲያልፍ ደግሞ በዝቷል" አለች። "እሳቸውም ቢሆኑ የላይኛው ብቻውን አደጋ ስላለው ክኒኑን እንዳያቋርጡ። እርስዎ ግን ጭራሽ አልታከሙም። ጠዋትና ማታ እየተለኩ በሦስት ቀን ይመለሱ፤ ሸክሙም ይቅር።"

"እኔን ተዉኝ" አለች እህቴ። "የታመመው እሱ ነው። ላሟን ማን ሊያልብ?"

ጋሼ ደምሴ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለው። "እኔ።"

"ታውቅበታለህ?"

"ላሟ ታውቃለች።"

በማግስቱ፣ መመለሻ

ስነሣ ጋሼ ደምሴ ከላሟ ጋር ይከራከር ነበር፤ ወተቱ ከምድሩም ከሱሪውም ላይ አለ። እህቴ ተቀምጣ ትስቃለች። ተቀምጣ ያየኋት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ደብረ ብርሃን ገብቼ መጋዘኔን ስከፍት ያሰብኩት፣ የሚያቃስተውን ስንለካ ዝም ያለችውን ረስተን እንደነበር ነው።

በሦስተኛው ቀንም የእህቴ ግፊት ስላልወረደ ክኒን ተጀመረላት። ከወር በኋላ ጋሼ ደምሴ ደውሎ የእሷን ቁጥር ነገረኝ፦ 122 በ83።

አማካዩ ዘጠና ስድስት።