ሁለት እንሰት ይዤ ከአትላስ እስከ አያት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአትላስ

ጉዞው አጭር ነው። ከአትላስ ጀርባ ካለው ግቢያችን ተነስቶ አያት ኮንዶሚኒየም መድረስ፣ ከዚያ መመለስ። ሰው በየቀኑ ለሥራ ይመላለስበታል። እኔ ግን የሄድኩት አክስቴን አዲስ አበባ ላይ ለማስቀረት ስለነበር መንገዱን ከቤት እስከ ቤት እጽፈዋለሁ።

አክስቴ አስቴር ትባላለች፤ እኔ እቴቴ እላታለሁ። ከሆሳዕና መጥታ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ግቢው የሰው ነው፤ አፈሩን አፈር ያደረገችው ግን እሷ ነች። ስንገባ ድንጋይና የተሰበረ ብሎኬት ነበር። ዛሬ ከውሃ ታንከሩ እስከ አጥሩ ድረስ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባና ጎደሬ አለበት፤ አጥሩን ተደግፎ ደግሞ እንሰት ቆሟል። ማዳበሪያ ከሱቅ ገዝታ፣ መድኃኒትም ረጭታ አታውቅም። የድንች ልጣጩም፣ አመዱም፣ ከብት ከሚያረቡ ሰዎች በጆንያ የምታስመጣው እበትም እዚያው ይገባል። ጎመኑን ትል ሲበላው ቁጭ ብላ በጣቷ ትለቅማለች። «እሱም ይብላ፤ ለእኛ የተረፈው ይበቃናል» ትላለች፣ ግን እየለቀመች።

አሁን አከራያችን ግቢውን ሊገነቡበት ስለሆነ በግንቦት መጨረሻ እንድንለቅ ነግረውናል። እኔም ስዞር ከርሜ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘሁ። ስነግራት ሳቀች።

«አራተኛ ፎቅ? እኔ ዶሮ ነኝ ቆጥ ላይ የምሰፍረው?»

«በረንዳ እኮ አለው፣ እቴቴ።»

«በረንዳ ላይ እንሰት ይቆማል? ስሚኝ ምሕረት፣ እኔ ጠዋት በር ስከፍት እግሬ አፈር ካልነካ ቤት አልመስል ይለኛል። ሆሳዕና ወንድሜ ጋ እገባለሁ። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ግጥምሽን እየጻፍሽ ኑሪ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማግስቱን ልብሷን በአንሶላ ስታስር አየኋት። ለመንኳት፣ ተኮራረፍን፣ እንደገና ለመንኳት። በመጨረሻ ዛሬ ጠዋት ሁለት የእንሰት ችግኝ ነቅላ ሥራቸውን ከነአፈሩ በከረጢት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«እዚያ ሕንፃ ሥር መሬት ከሰጡሽ ትከያቸው፤ እመጣለሁ። ካልሰጡሽ ይዘሻቸው ተመለሺ፤ እኔም መንገዴን አውቃለሁ። ጌታ ይቅደምልሽ።»

ወደ መገናኛ

አትላስ ቅዳሜ ጠዋት የዓርብ ማታውን ገና እያጠበ ነው። የመጠጥ ቤቶቹ ልጆች በረንዳውን በጎማ ውሃ ያወርዳሉ፤ ብርጭቆ ሲጠረግ ይሰማል። ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ስወጣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር የተተከለውን አበባ አንዲት ሴት ታጠጣለች። ችግኞቼን አየችና ጎማውን ወደ እኔ አዞረች፤ ከረጢቱን አርከፍክፋልኝ ወደ አበባዋ ተመለሰች። እኔም እየተንጠባጠብኩ ታክሲ ገባሁ።

ረዳቱ ቅጠሉ ፊቱን ሲነካው ጊዜ ጮኸ። «እሷ ሙዝ ወንበር ከያዘች ትከፍላለች!»

«ሙዝ አይደለችም፤ እንሰት ነች።»

«እንሰት! ክትፎ ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ፣ የኔ እህት? ሥጋው ከኋላ እየመጣ ነው?»

ታክሲው ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ ግን ቅጠሉን በጣቶቿ እየዳሰሰች ነበር። «ኮባ እኮ ነው። የሚያምር ኮባ! ግንቦት ልደታ ደርሷል፤ ቅጠሉን ሽጪልኝ፣ ድፎ ልጋግርበት።»

«ገና ልጆች ናቸው፣ እማማ። ሊተከሉ ነው የሚሄዱት።»

«ተከይው ታዲያ፤ ቅጠሉን እኔ ልውሰድ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። መገናኛ እስክንደርስ ችግኞቹን አቅፌ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቆየሁ።

ባቡሩ ላይ

ባቡር ጣቢያው ላይ ፈታሹ አስቆመኝ። ከረጢቱን ከፈተ፣ አፈሩን ነካ ነካ አደረገ። መልሶ ይልከኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከየት አገር የመጣ ነው?» አለኝ።

«ሆሳዕና።»

«እናቴ ጓሮ ያለው ከዚህ ጠቆር ይላል» አለና ከረጢቱን እራሱ መልሶ አሰረልኝ። «ጫፏን ወደ ውስጥ አድርጊ፤ በሩ ይነክሳታል።»

ባቡሩ ሞልቶ ነበር። ሰው ለእኔ ባይሆን ለችግኞቹ ቦታ ለቀቀ። ጉርድ ሾላን አልፈን ወደ ሲኤምሲ ስንቃረብ የየፎቁን በረንዳ እያየሁ ሄድኩ። ከታች ስናልፍ አይታይም እንጂ ከባቡሩ ከፍታ ሲያዩት ከተማው ሁሉ ገበሬ ነው። ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ተሰንጥቆ ሽንኩርት በቅሎበታል። የልጅ መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ቃሪያ አለ። አንዱ በረንዳ ላይ ከታጠበ ሱሪ ሥር ጤና አዳም ተንዠርግጓል። አንድ ሰውዬ በፒጃማ ቆሞ ጎመን ይቀጥፋል፤ ለቁርሱ ይሁን ለምሳው እንጃ። እያንዳንዱ ከመጣበት ጓሮ አንድ ቁንጣሪ ይዞ መጥቶ ወደ ሰማይ ሰቅሎታል። ለእቴቴ ይህን ብነግራት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፦ «አየሽ፣ ሁሉም አፈር ናፍቆት ነው።»

አያት

ከመጨረሻው ጣቢያ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ ዝናብ ባበላሸው ኮብልስቶን ላይ ሲዘል ችግኞቹን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አደረግኳቸው። ሕንፃው ደጃፍ ስወርድ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ደረጃው አይደለም፤ ወደ ጀርባው ነው። ቤቱን ስከራይ ወደ ጀርባው ሳልዞር፣ በመስኮቱም ቁልቁል ሳላይ ነበር የተመለስኩት።

ጥቁር፣ ጫማ የሚይዝ አፈር ነው። እዚያ አፈር ላይ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ አንድ ረድፍ እንሰት! ልቤ ዘለለ። ሮጬ ስቀርብ ግን እግሬ ዘገየ። ግንዳቸው እንደሚያሳየው ዓመታት የቆዩ ናቸው፤ ቁመታቸው ግን ከወገቤ አያልፍም። ሁሉም ተመልምለዋል። እያንዳንዱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶ፣ ጨርቁ የተገፈፈ ጃንጥላ መስሏል።

«ኮባዬን ምን ታያለሽ?»

ዞር ስል ከምድር ቤቱ በር ላይ ነጠላ ያገለደሙ፣ እጃቸው ዱቄት የነካ ሴት ቆመዋል። እትዬ ጽጌ ናቸው፤ ኋላ ስማቸውን ነገሩኝ። ቦታው ቆሻሻ መጣያ እንደነበር፣ ላስቲኩን በእጃቸው ለቅመው ኮባ እንደተከሉ፣ ለሕንፃው ሁሉ የዳቦ ቅጠል የሚያድሉት እሳቸው እንደሆኑ አጫወቱኝ። እኔም የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ቦታስ አልሰጥም፣ ልጄ» አሉ ቆርጠው። «ለአንዱ ከሰጠሁ ሌላው መኪና ላቁምበት ይለኛል። ኮባውም እንደምታይው አላድግ ብሎኛል፤ ምን እንደነካው እንጃ።»

«እትዬ ጽጌ፣ ቅጠሉን ብቻ ነው የሚጠቀሙበት?»

«ሌላ ምን አለው?»

«ግንዱና ሥሩ ይበላል እኮ። ቆጮ የሚወጣው ከዚህ ነው።»

«ሂጂ እዚያ!»

«እውነቴን ነው።»

«ቆጮማ እበላለሁ፣ በክትፎ። ከጉራጌ አገር በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ቆጮ?» ቀስ ብለው ወደ ረድፉ ዞሩ። አንዱን ግንድ በዱቄታም እጃቸው ጨበጥ አደረጉት። «እመቤቴ! እነዚህ ናቸው? ምግብ ደጄ ተክዬ ነው ቅጠል የምለቅመው?»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ጊዜው ነው ብዬ ስለ እቴቴ ነገርኳቸው። አፈር ከሌለ አልመጣም ማለቷን፣ ልብሷን ማሰሯን፣ ሌላ እናት እንደሌለኝም ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ትምጣና እንተያይ» አሉ። «መሬት ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። ጎረቤት ሳያዩት የሚገዛ ዕቃ አይደለም።»

«ግን መሬት ካላገኘች አትመጣም።»

«እኔም ካላየኋት አልሰጥም።»

ክፋት የለባቸውም፤ ሐሳባቸውን ግን አይለውጡም። ችግኞቼን አንስቼ ልሄድ ስል «ቆይ፣ በባዶ እጅሽማ አትመለሺም» ብለው ገቡ፤ የሽንኩርት ቢላዋ ይዘው ወጡ። ከዚያም ከረድፉ ለጋ ለጋውን፣ ገና ተጠቅልሎ ያልተፈታውን የልብ ቅጠል፣ ከእያንዳንዱ ግንድ ላይ ቆረጥ ቆረጥ አደረጉት። እቴቴ ጎረቤት ለልጁ ጥላ ብሎ አንድ ቅጠል ቢቀጥፍባት ሳምንት የምታኮርፍ ሰው ናት።

«ለልደታ ዳቦ ትጋግርበት» አሉ፣ በገመድ እያሰሩ። «ስልኬንም ያዢ።»

እቴቴ ጴንጤ እንደሆነች፣ የልደታ ዳቦ ጋግራ እንደማታውቅ አልነገርኳቸውም። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ጉንጬን ሳሙኝ። ከያዙት ሁሉ ጥሩውን መርጠው ነበር የሰጡኝ።

መልስ

መመለሻው ረዘመብኝ። አንድ እጄ ላይ ያልተተከሉ ችግኞች አሉ፤ ሌላው ላይ የተቆረጠ የልብ ቅጠል። እቴቴ አንዱን ብቻ ብታይ ትሄዳለች፤ ሁለቱን ካየችማ ዛሬውኑ አውቶቡስ ተራ ነች። መገናኛ ስወርድ ቅጠሉን ጉልት ለተቀመጠች አንዲት ሴት ልሰጣት አሰብኩ። ቆሜ አየኋት፤ እሷም ቅጠሉን አየች። ግን እትዬ ጽጌ እንዴት እንዳሰሩት ትዝ አለኝ፤ ጫፉ እንዳይታጠፍ ከካርቶን ጋር ነበር ያሰሩት። ይዤው ታክሲ ገባሁ።

እቴቴ ከጎመኑ መሐል ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ያየችው ችግኞቹን ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝና ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ዓይኗ እስሩ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስጦታ ነው። እዚያ የሚኖሩ እናት ልከውልሽ ነው።»

ገመዱን ፈታች። አንዱን ቅጠል አንስታ ጠረኑን አሸተተች፣ ጀርባውን ገልብጣ ወደ ፀሐይ አደረገችው፣ የተቆረጠበትን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ገና ያልተፈታ ልብ ነው። ማነው የቆረጠው?»

«እሳቸው። ለዳቦ።»

«እንሰት አላቸው?»

«አንድ ረድፍ ሙሉ። ኮባ ነው የሚሉት፤ እንደሚበላም አያውቁም ነበር።»

«ቢላዋውን እሳት ላይ አሳልፈውታል?»

«የሽንኩርት ቢላዋ ነው።»

«በኢየሱስ ስም!» ተነሳች። «አንዱ ቢታመም በቢላዋው ሁሉንም ይዞ ይሞታል እኮ! ቅጠል እኮ አፉ ነው፤ በምን ይብላ? እስከ አሁን ያለው በጸጋ ነው።» ከአጥሩ እስከ ታንከሩ ተመላለሰች። «አመድ ያያሉ? እበትስ?»

«አላየሁም።»

«እና አንቺ ዝም ብለሽ ታያለሽ!»

ቁጣውን ተሸክሜ ቆምኩ። ስድቡ ሲያልቅ የታሰረው ልብሷ ጋ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን መለስ ብላ «ያ ያገኘሽው ቤት መስኮቱ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«በጀርባው በኩል።»

«ረድፉ ይታያል?»

«ቁልቁል ይታያል።»

«ጥሩ። ቢላዋ ይዛ ስትወጣ ከላይ እጮህባታለሁ።»

መንገድ ሙሉ የማሳመኛ ቃል ሳዘጋጅ ነበር የዋልኩት፤ ቃል መደርደር ልማዴ ነው። በረንዳውን፣ የባቡሩን ቅርበት፣ የሰዉን ደግነት ሁሉ ልነግራት ነበር። አንዱም አላስፈለጋትም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ እቴቴን የሚያስቀራት የሚሰጣት መሬት ሳይሆን የሚፈልጋት ተክል ነበር። እሱን ደግሞ ሳላውቀው በገመድ ታስሮ ይዤላት መጥቻለሁ።

«ደውይላት» አለችኝ።

ደወልኩ፤ ድምፁን ለሁለታችን ከፍቼ ሰጠኋት።

«እህቴ፣ ተባረኪ፣ ስጦታሽ ደርሶኛል» አለች እቴቴ፣ ለስለስ ብላ። «ግን በጌታ ይዤሻለሁ፣ እኔ እስክመጣ ቢላዋ እንዳታነሺባቸው።»

«ውይ! ልደታ እኮ ደረሰ» አሉ እትዬ ጽጌ። «ዳቦዬን በምን ልጋግር? ሕንፃው ሁሉ ከእኔ ነው የሚጠብቀው።»

«ከእኔ ጓሮ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ከታች ያረጀ፣ ሰፊ ቅጠል አለኝ። ከየት እንደሚቆረጥም አሳይሻለሁ።»

«ከልደታ በፊት ትመጫለሽ?»

«ከልደታ በፊት እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ከረድፉ ጫፍ ያለውን ድንጋይ አስነሳልሻለሁ። ለሁለት ችግኝ ይበቃል።»

እቴቴ ስልኩን መለሰችልኝ። ጎንበስ ብላ ከታች ያሉትን ሰፋፊ ቅጠሎች በዓይኗ መምረጥ ጀመረች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሰው ቀና አለች።

«ምሕረት፣ ይሄ ልደታ የሚሉት መቼ ነው?»