የማንም ያልነበረው ጥናት፦ ጋሽ ዘለቀ አምባውን ስናስታውስ

ለምታውቋቸው ሁሉ፣ ወሬው ላልደረሳችሁም ጭምር። ጋሽ ዘለቀ አምባው ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አሶሳ በሚገኘው የኪራይ ቤታቸው አርፈዋል። እሑድ ከቀትር በኋላ ቀበርናቸው። ወንበራ ያሉት እህታቸውና ዘመዶቻቸው ለቀብሩ አልደረሱም፤ ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ አሶሳ ለመድረስ ዛሬም አዲስ አበባን መዞር የግድ ነውና። ይህን ነገር ጋሽ ዘለቀ ሁልጊዜ ይቀልዱበት ነበር። «አንድ ክልል ናችሁ ተባልን፤ እህቴን ለመጠየቅ ግን የአገሩን ግማሽ እዞራለሁ» ይሉ ነበር። እሑድ ዕለት ቀልዱ አላሳቀንም።

እኔ ኢድሪስ እባላለሁ። የበርታ ልጅ ነኝ፤ እዚሁ አሶሳ አስተምራለሁ። ጋሽ ዘለቀን ያወቅኋቸው ክልሉ ገና በተመሠረተ ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ቢሮዎቹ ሁሉ ለጋ ነበሩ፤ ጠረጴዛ ደርሶት ወንበር የሚጠብቅ ቢሮ ነበረ፤ ወንበር ኖሮት የሚቀመጥበት ሰው ያልተመደበለትም ነበረ። እርሳቸው የደን ባለሙያ ሆነው ግብርና ቢሮ መጡ። ሺናሽኛ፣ ጉሙዝኛና አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። በርታኛም ለመማር ብዙ ታግለዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ በርታኛቸው ጆሮ የሚያስይዝ ነበር። የሚገርመው ግን ሰው ሁሉ ይገባው ነበር፤ ምክንያቱም ከመናገራቸው በፊት ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ።

እርሳቸው በመጡ በዓመቱ ቀርከሃው አበበ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የእኛ አገር ቀርከሃ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላም ይደርቃል። ለእኛ ደግሞ ቀርከሃ ቤት ነው፣ አጥር ነው፣ አልጋ ነው፤ በክረምት ቡቃያው ወጥ ሆኖ ይበላል። ስለዚህ ጫካው ከዳር እስከ ዳር መድረቅ ሲጀምር ሰው ደነገጠ። በሽታ ነው ያለ ነበረ፤ የአላህ ቁጣ ነው ያለም ነበረ። ከቢሮ ሰዎች መካከል «ከሞተ ሞቷል፤ ተመንጥሮ ሰሊጥ ይዘራበት» ያሉ አልጠፉም። ጋሽ ዘለቀ ይዘውን ጫካ ገቡ። ተንበርክከው የረገፈውን ቅጠል በእጃቸው ገለጥ ሲያደርጉ ሣር የመሰለ ቀጭን ቡቃያ መሬቱን ሞልቶት አየን። «እናቱ ሞታለች፤ ልጁ ግን ተወልዷል» አሉን። «እሳት ካልደረሰበት ያድጋል። እሳት ከደረሰበት ግን ዘር የሚጥል ሌላ እናት የለውም።»

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነበር። በእኛ አገር በበጋ ጫካና ማሳ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው፤ አዳኙ ያቃጥላል፣ አራሹ ያቃጥላል፣ ፍየል ያለውም አዲስ ሣር እንዲበቅልለት ያቃጥላል።

መንግሥት ዝም አላለም፤ አጥኑ አለ። ቢሮዎቹም ማጥናት ጀመሩ፤ ግን እያንዳንዱ ለራሱ። ከከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት መንደር በአንድ ሳምንት ውስጥ የግብርና፣ የጤናና የትምህርት ቢሮ ቡድኖች ተከታትለው ገቡ። እኔ ከትምህርት ቢሮ ጋር ነበርኩ። እማማ ሐዋ የሚባሉ፣ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቅርጫት የሚሠሩ እናት ገና ሲያዩን ሥራቸውን አስቀመጡና ወገባቸውን ያዙ።

«ሰኞ ግብርና መጣ፣ ጠየቀ። እሺ። ማክሰኞ ጤና መጣ፣ እሱም ያንኑ ጠየቀ። ዛሬ እናንተ መጣ። ወላሂ እኔ ደከመኝ! መንግሥት አንድ ነው አላላችሁም? እርስ በርስ አይነጋገርም እንዴ?»

እኛ አፈርን። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲሰሙ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ። በማግስቱ ሦስቱንም ቡድኖች ይዘው ተመለሱና ከመንደሩ ሰዎች ጋር አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጡን። ያን ዕለት የሰማሁትን በኮሌጅ አልሰማሁም። ግብርናዎች ቡቃያ መቁረጥ ይከልከል ሲሉ፣ ጤናዎች ደግሞ በክረምት ጎተራው ሲራቆት ልጆቹ የሚበሉት ይህንኑ ቡቃያ ነው አሉ። እሳት ይከልከል ሲባል አንድ ሽማግሌ «ማሳዬን በምን ላጽዳው?» ብለው ጠየቁ። እኔም እሳቱን የሚለኩሱት ብዙውን ጊዜ ተማሪዎቻችንና አባቶቻቸው መሆናቸውን ተናገርኩ። አንዱ ቢሮ የሚፈታው ሌላው ጋ ይቋጠራል። ጋሽ ዘለቀ መጨረሻ ላይ ተነሥተው፣ «እንግዲህ ጥናቱ አንድ ነው፤ ስለ እሳቱ ለሰው የምንሰጠው ትምህርትም የጥናቱ ክፍል ነው። ገንዘቡንም በአንድነት እንጠይቃለን» አሉ።

ማለቱስ ቀላል ነው። ወደ ፋይናንስ ቢሮ አብሬያቸው ገባሁ። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው፤ ዛሬም በሕይወት ስላሉ ስማቸውን አልጠራም።

«ይህ ጥናት የማን ነው? የግብርና ነው? የጤና ነው? የትምህርት ነው?» አሉ።

«የሁላችንም ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«አቶ ዘለቀ፣ የሁሉም የሆነ ነገር የበጀት ርዕስ የለውም። በሕጉ መሠረት የማንም አይደለም ማለት ነው።»

ኃላፊው እንዳልኩት ደግ ናቸውና ግማሽ መንገድ መጡ። ጥናቱን በግብርና ቢሮ ስር አድርገን እናስፈቅድላችሁ፣ የትምህርት ቤቱን ነገር ለሚቀጥለው ዓመት እናቆየው አሉ። እኔ በደስታ ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ዘለቀ ግን፣ «አመሰግናለሁ፤ ይህን አልቀበልም» አሉ። «ለተማሪዎቹና ለአባቶቻቸው ሳንነግር ብናጠና፣ የምናጠናው ዓመዱን ነው።»

ከቢሮው ስንወጣ ያልተቆጣቸው ሰው አልነበረም። የራሳቸው አለቃ እንኳ «እጅ የገባ ገንዘብ ይገፋል?» ብለው ጮኹባቸው። ክረምቱ እየወጣ ነበር፤ ሣሩ ሊደርቅ፣ ሰው ክብሪት ሊጭር ጥቂት ሳምንታት ነው የቀሩት። ቡቃያው ደግሞ በጀት እስኪጸድቅ አይጠብቅም። እልኸኛ ናቸው ብያቸው ነበር፤ በኋላ እንዳየሁት ግን እልህ ብቻ አልነበረም፤ በጣም ፈርተው ነበር። ሻይ ቤት ስንቀመጥ፣ «ኢድሪስ፣ ተሳስቼ እንደሆነ ጫካው ነው የሚከፍለው፣ እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

ነገሩ የክልሉ ምክር ቤት ደረሰ። የዚያን ዘመን ምክር ቤት ያየ ያውቀዋል፤ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው በአማርኛ ይከራከራል፤ አማርኛው ሲያልቅበት በእጁ ያስረዳል። ጋሽ ዘለቀ ሲፈቀድላቸው ተነሥተው ስለ ደን ሳይሆን ስለ ደቦ ተናገሩ።

«እኛ ወንበራ ደቦ እንላለን፤ እዚህ ነፊር ይባላል። ሰው ደቦ ሲጠራ አንዱ ማጭዱን፣ ሌላው መንሹን ይዞ ይመጣል። ምግቡንና መጠጡን የሚያቀርበው ግን ማሳው የሚታጨድለት ነው። አጫጁ ለብቻው፣ ወቂው ለብቻው ድግስ አይደገስለትም። ይህ ቀርከሃ ማሳው የማን ነው? የክልሉ ነው። እንግዲያው ደቦውን የሚጠራው ይህ ምክር ቤት ነው፤ ድግሱም የእናንተ ነው።»

የፋይናንሱ ኃላፊ ፈገግ እያሉ፣ «በደቦ ላይ ሳይሠራ የሚበላም አለ» አሉ።

«አለ» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ግን ሰው ያየዋል። የራሱ ማሳ ተራ ሲደርስ ማንም አይመጣለትም። ብቻውን በቢሮው የሚበላውን ማን ያየዋል?»

አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ከካማሺ በኩል የመጡ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ግን አልሣቁም። «እሳት መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ዘለቀ በቅርቡ ነው አሏቸው። «እንግዲህ ምን እንጠብቃለን? እሳት ስብሰባ አያውቅም» አሉና ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ምክር ቤቱም በራሱ በጀት፣ በራሱ ስም ያዘው። ብዙ አልነበረም፤ ግን አልተከፋፈለም። ለጥናቱና ለትምህርቱ ባንድነት መንግሥት የሰጠው የመጀመሪያው ገንዘብ ያ ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጋሽ ዘለቀ ያጌጠ ታሪክ አይወዱም ነበር። ገንዘቡ ጸደቀ እንጂ አልደረሰም። ፊርማ ከፊርማ ሲጠባበቅ ሣሩ ደረቀ። ጋሽ ዘለቀ ሳይጠብቁ እኛን መምህራንንና የመንደሩን ሰዎች አስከትለው፣ ቡቃያውን ከማሳዎቹ የሚለይ ሰፊ መስመር መመንጠር ጀመሩ። በምዕራብ በኩል ጨረስን፤ የዚያ ቡቃያ ተረፈ። በምሥራቅ በኩል ሳንደርስ እሳቱ ቀደመን። የምሥራቁ ኮረብታ በአንድ ከሰዓት ጠቆረ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ጋሽ ዘለቀ ዓመዱ መካከል ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ያ ኮረብታ ዛሬም ቀርከሃ የለውም።

እሳቱን የለኮሰው አብዱ የሚባል ገበሬ ነበር። ማሳውን ሲያጸዳ ነፋስ ነጠቀው። ሰው ሁሉ ይታሰር አለ፤ እኔም ብዬ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው፣ «የነገረው ሰው የለም። ልንነግረው የሚገባን እኛ ነበርን፤ ዘግይተናል» ብለው አስለቀቁት። ከዚያም ቤቱ ድረስ ሸኝተውት ውኃ ጠጡ። አብዱ ከሐፍረት የተነሣ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እርሳቸው በዚያ አስቸጋሪ በርታኛቸው ስለ ፍየሎቹ እየጠየቁ አመሹ።

ገንዘቡ ሲደርስ ሥራው ተጀመረ። ከሦስቱ ቢሮዎች የተውጣጡ ሰዎች በአንድ መኪና ይወጣሉ፤ በአንድ ቃል ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤቶቻችን እሳትን፣ ምግብንና ደንን አንድ ላይ ማስተማር ጀመሩ። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ባለሙያ ወባ ሲይዛት ቤታቸውን ለቀውላት እርሳቸው ቢሮ አደሩ። ከመተከል ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችም ማረፊያቸው የእርሳቸው ቤት ነበር። ትዳር አልያዙም፤ ስንጠይቃቸው «ማን ለዚህ ጭቅጭቅ ልጁን ይድራል?» ይሉ ነበር። በየዓመቱ በጀት ሲደርስ ነገሩ እንደገና የማን ነው ይባላል፤ እርሳቸውም እንደገና ያንኑ፣ መጀመሪያ ምክር ቤት የገቡበትን ሸሚዝ ለብሰው ይገባሉ። አንድ ጊዜ ሰለቸኝና ይህ ነገር የሚያልቀው መቼ ነው አልኳቸው። «የሚያልቅ ነገር መስሎህ ነው የገባህበት?» አሉኝ።

ዘንድሮም ያው ጥያቄ ተነሥቷል። የጋራው በጀት ፈርሶ ለየቢሮው ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ማክሰኞ ምክር ቤቱ ያየዋል። ጋሽ ዘለቀ ሊናገሩ ተዘጋጅተው ነበር። ቅዳሜ ቀደመን።

ጋሽ ዘለቀ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። ለቅሶዎ ላይ ሦስቱም ቢሮዎች መጡ፤ የፋይናንሱ ኃላፊም ጡረታ ቢወጡም በከዘራ መጥተው ከፊት ተቀመጡ። እማማ ሐዋ በበርታ ወግ አለቀሱልዎት። አብዱ ሬሳዎን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እኔ ማክሰኞ መጣለሁ። እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ነግራቸዋለሁ» አለኝ። ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ምን እንደሚለብስ ጠየቀኝ።

እፈራለሁ ጋሽ ዘለቀ፤ አልዋሽዎትም። እስከ ዛሬ እርስዎ ሲናገሩ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጭንቅላቴን ነበር የምነቀንቀው። ማክሰኞ ግን አብረን እንገባለን፤ ግብርናውም፣ ጤናውም፣ እኛም፣ አብዱም። እንቢ ቢሉን ረቡዕ ተመልሰን እንሄዳለን። የተረፈውን ቀርከሃ የሚታደግ ሰው ከእኛ ሌላ የለም። እርስዎ ግን በቃዎት፤ ሸሚዝዎን አውልቀው ይረፉ። አፈሩ ይቅለልዎት፣ የእኛ መምህር።