ሳይሞላ የማይነሳ ታክሲ

ወንድሜ ሥራውን ለቅቆ ጌም ሊሠራ እንደሆነ ለእናታችን የነገራት ዕለት፣ እሷ ከቢሮ ገብታ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም ነበር። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ሳሎናችን መሀል ቆሞ፣ በእጁ አየር ላይ መንገድና መታጠፊያ እየሣለ ያስረዳታል።

«ብዙ ሰው ከየስልኩ ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚጫወተው ነው፣ እማዬ። አንዱ ሹፌር ይሆናል፣ አንዱ ረዳት፣ ሌላው ተሳፋሪ። መንገዱም የኛው ነው። ከቃሊቲ ኮዬ፣ ከኮዬ ቱሉ ዲምቱ።»

«የምን ሹፌር?»

«የታክሲ።»

እናቴ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ዘረጋች። ወደ እኔ ዞራ «ሰማሽው?» አለችኝ። «አሁን ተሰልፌ፣ ተጋፍቼ የመጣሁበትን ታክሲ፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ በስልክ ልሳፈረው?»

እኔ ሳቅኩ። ወንድሜ አልሳቀም። የምሩን መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ፣ ያነበብኩትንም የጻፍኩትንም አብዛኛውን ታክሲ ውስጥ ነው ያነበብኩትና የጻፍኩት። ጆሮዬም የተከፈተው እዚያው ነው። አንድ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሰፈር ሲጠራ፣ የቱን ድምፅ እንደሚውጥና የቱን እንደሚጎትት ልብ ላለው ሰው ትምህርት ነው። ስለዚህ ወንድሜ «አንቺ ገጣሚ፣ ሰዎቹ የሚናገሩትን አንቺ ጻፊልኝ» ሲለኝ ደስታዬን ደብቄ «አስብበታለሁ» አልኩት። ለማሰብ የፈጀብኝ ኩሽና ደርሼ እስክመለስ ነው።

ጌሙ ውስጥ ተጫዋቾች የፈለጉትን መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ያ ክፍል ገና አልተሠራም። በምትኩ ከስክሪኑ ግርጌ ቁልፎች ተደርድረዋል። አንዱን ሲነኩት እኔ የጻፍኩት ንግግር በድምፅ ይወጣል። ሹፌር የራሱ አለው፣ ረዳት የራሱ፣ ተሳፋሪም የራሱ። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወገብ ይታጠፋል!» «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው፣ እሱም ቀጭን!» «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ፣ ድስት ጥጄ ነው የወጣሁት!» አጫጭር ናቸው፤ ግን ለእያንዳንዳቸው እንደ ግጥም ነው የለፋሁት። ድምፁንም የሰጠነው እኛው ነን፤ የረዳቱ ድምፅ የኔ ነው።

ሥዕሉን የሠራው የወንድሜ ጓደኛ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ጥንቁቅ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ እንኳን ሸሚዙ የማይጨማደድ ዓይነት ሰው። ጌሙ የሚከፈትበትን ቀን በቴሌግራም ያስነገረው እሱ ነው፤ ቀኑ ሲቃረብ የፈራውም እሱ። ሁለት ቀን ሲቀረን ላፕቶፑን አቅፎ መጣና ቁጭ ሳይል «እናራዝመው» አለ።

«ምን ጎደለ?» አለው ወንድሜ።

«ምን ያልጎደለ አለ? ሲዘንብ ታክሲው ውስጥም ይዘንባል። ቱሉ ዲምቱ ያሉት ሕንፃዎች መስኮት የላቸውም። ሹፌሩ ከኋላ ሲታይ ማጅራት የለውም! ሰው ምን ይለናል?»

«ሹፌር ወደ ፊት ነው የሚያየው፣ ማጅራት ምን ያደርግለታል?» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ያንቺ ሥራ አልቋል።»

ወንድሜ ግን ማራዘም አይችልም። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ቦታህ ክፍት ነው፣ እስከ ሰኞ መልስህን አሳውቀን ብሎታል። እሱም ለሦስታችን ቁርጡን ነግሮናል። ቅዳሜ ይከፈታል። ሰው ገብቶ ከቆየ ጌሙ ይቀጥላል፤ ገብቶ ወዲያው ከወጣ፣ እሱ ሰኞ ቢሮ ገብቶ ሥራውን ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጌም እንዳያነሳበት። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ስንት ወር ሙሉ ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይነሳ ሲሠራ አይቼዋለሁና፣ አፉ እንደዚያ ቢልም ልቡ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር።

«ደግሞስ ብናራዝመው ማን ይሞክርልናል?» አለ። «እኛ ስንነካው ይሠራል። የብሎኩን ሰው ስልክ ለምነን ስንሞክረውም ሠርቷል። ቀሪዎቹ ወንበሮች ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ በኮድ የሠራኋቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። እነሱ አይሰለቹ፣ አይናደዱ፣ ኔትወርክ አይጠፋባቸው። ዓመት ሙሉ እነሱን ይዤ ብቀመጥ ምንም አይነግሩኝም። ብዙ ሰው የሚጫወተው ነገር የት ጋ እንደሚሰበር የሚታወቀው ብዙ ሰው ሲገባበት ብቻ ነው።»

የውጭ አገሮቹ ትልልቅ ጌሞችም ሳያልቁ ተከፍተው ተጫዋቹ ሲራገም አንብቤአለሁ። አንዳንዱን አስቀድሞ የተነገረ ቀን ያስረዋል። አንዳንዱ ጋ የገንዘብ አውጪዎቹ ትዕግሥት ያልቃል። ሽጦ ካበቃ በኋላ እናስተካክላለን ብሎ የጠፋም አለ። እኛም የተነገረ ቀን ነበረን፣ ሰኞም ነበረብን፤ ከነሱ አንሻልም። ግን የወንድሜ ነገር እውነት ነው። ግጥም ብቻዬን እጨርሳለሁ፤ የታክሲ ተራን ብቻውን ተቀምጦ የሚጨርስ ሰው የለም።

ልብስ ስትተኩስ የነበረችው እናታችን ካውያውን አቆመች።

«ይሄን ቤት ስንረከብ ምን ነበረው?» አለች ጓደኛውን እያየች። «ወለሉ ሲሚንቶ። በር የውጪው ብቻ። ደረጃው መያዣ የለው፣ ልጅ ይወድቃል ብለን ነፍሳችን ተንጠልጥላ። ፍሳሹ ደግሞ አንደኛ ፎቅ ላይ ተመልሶ ይገነፍላል። ይገነፍላል ብሎ የነገረን ማን ነበር? ማንም! ሁላችንም ገብተን ውሃ መድፋት ስንጀምር ነው የታወቀው። ከዚያ ጎረቤቱ ተሰብስቦ አሠራው። እኛ ባንገባ እስካሁን ሲሚንቶ ነበር።»

«እማማ፣ ቤት ሌላ፣ ጌም ሌላ» አለ ጓደኛው በአክብሮት።

«እኔ ምን አውቄ። ያንተ ማጅራት የሌለው ሹፌር ግን ከዚያ ፍሳሽ አይብስም።»

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ጓደኛው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እንዳይታለል መግቢያው ላይ እውነቱ ይጻፍ አለ። ያንንም እኔ ጻፍኩት። «ገና አላለቀም። ግቡና የጎደለውን አሳዩን።»

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ስክሪኑ ላይ የኛ ሰፈር ካርታ አለ፤ የገባ ሰው ሁሉ ነጥብ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ የምናውቃቸው ገቡ። ቀጥሎ የማናውቃቸው። ቃሊቲ ተራው ላይ ነጥቦቹ ረጅም ሰልፍ ሠሩ። ሰልፍ እንዲይዙ ያዘዛቸው የለም፤ የአዲስ አበባ ሰው ታክሲ ሲያይ ይሰለፋል። እናታችንም ሶፋው ላይ ሆና በስልኳ ገባች። «ተራዬን ማንም እንዳይወስድብኝ» እያለች።

ታክሲዎቹ ሞልተው ተነሱ። ወንድሜ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያያል። አንዱ ታክሲ አስፋልቱ መሀል ቆመ። ቀጥሎ ሌላው። ትንሽ ቆይቶ ካርታው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠፋ።

ወንድሜ ኮዱን ከፈተና ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ታክሲው ወንበሩ ሁሉ ሳይሞላ እንዳይሄድ ያዘዘው ራሱ ነው፤ ገና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው የጻፈው። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም፤ ሦስታችንም ከተራ ሳይሞላ የሚነሳ ታክሲ አይተን አናውቅም። ሌላ አገር ያደገ ሰው አብሮን ቢሠራ ይጠይቅ ነበር። ተራ ላይና መንገድ ላይ የሚል ልዩነትም አላስቀመጠም። በኮድ የተሠሩት ተሳፋሪዎች ደግሞ ከወንበራቸው ጠፍተው አያውቁም። አሁን የገቡት እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ኔትወርክ ይጠፋባቸዋል። የአንዱ ሲጠፋ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ታክሲውም ካልሞላሁ ብሎ መንገድ መሀል ይገተራል።

«ዝጋው» አለ ጓደኛው። «ዝጋውና አስተካክለህ ክፈተው።»

«ከዘጋሁት ሁሉም ይወጣሉ። የወጣ ይመለሳል?»

«እንዲህ ከቆመማ ራሳቸው ይወጣሉ!»

የወንድሜ ጣት መዝጊያው ቁልፍ ላይ ነበር። ሰኞን እያሰበ እንደነበር ከትከሻው ታየኝ።

«ቆይ ቆይ፣ ምንም እንዳትነካ» አለች እናታችን ከስልኳ ቀና ሳትል። «አንዱ እየጠራኝ ነው።»

ከስልኳ የኔ ድምፅ ወጣ። አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው፣ እሱም ቀጭን! እሷ የተሳፈረችበትም ቆሟል፤ ከፊቷ ካለው ታክሲ አንድ ተሳፋሪ ጠፍቶበት፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ይጣራል። ማን ይሁን፣ የት ይሁን አናውቅም። እናታችን ወራጅ አለ የሚለውን ተጫነች፤ ድስቷን እየጠራች ወረደች፤ አስፋልቱን ተሻግራ እዚያኛው ላይ ወጣች። ወንበሩ ሞላ። ታክሲው ሄደ።

«ሄደ! ልጆች፣ ሄደ!»

ካርታው ላይ ነጥቦቹ ከታክሲዎቹ መንጠባጠብ ጀመሩ። አንዱ ከዚህ ወርዶ እዚያ ይሞላል፣ ሌላው ከዚያ። መኪና ሲበላሽ ረዳት ተሳፋሪዎቹን ለሌላ ታክሲ እንደሚያሸጋግረው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እርስ በርስ ይሸጋገራሉ። ሹፌሮች ሳይቀሩ መኪናቸውን ጥለው ተሳፋሪ ሆኑ። መጻጻፍ እንደማይችሉ አስታውሱ። በእጃቸው የነበረው የኔ ንግግር ብቻ ነው፤ ለሳቅ ብዬ የጻፍኩትን ይዘው መንገዱን ሁሉ አስተባበሩበት። ወንድሜ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ጓደኛው ሸሚዙ እስከ እጅጌው ተጨማድዶ ይስቃል።

ቴሌግራሙ ላይ ስድብ አልቀረልንም። «ይሄ ጌም ነው የጠዋት ሰልፍ?» አለን አንዱ። ሌላው ግን «አንዱን ወርጄ ሌላ እየያዝኩ ቱሉ ዲምቱ ደረስኩ፤ እንዲህ ስቄ አላውቅም» ብሎ ጻፈ። እሑድ ታክሲው ውስጥ የሚዘንበውን አስተካከሉ፣ ሹፌሩም ማጅራት አገኘ። ወንድሜ መቆሙን ሊያጠፋው ሲል ግን ተጫዋቾቹ ለመኑት። ስለዚህ ታክሲው ዳር ይዞ እንዲቆምና መሸጋገሩም እንዲቀጥል አደረገ።

ሰኞ ጠዋት ግን ወንድሜ የቢሮ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። መልሱን በአካል ሄጄ ነው የምነግራቸው አለ፤ መልሱ ምን እንደሆነ አልተናገረም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁና ተከትዬው ለታክሲ ተሰለፍኩ።

ከፊታችን የኮሌጅ ተማሪ የምትመስል ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ከስልኳ የኔ ድምፅ ወጣ። አንድ ሰው፣ እሱም ቀጭን!

አላስቻለኝም። «ይቅርታ እህቴ፣ እሷን ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የምን መጻፍ? ረዳቶች ዱሮም ይሏታል እኮ!»

«እሱም ቀጭን» ማንም ረዳት ብሎ አያውቅም። እኔ ነኝ ከራሴ ያወጣኋት። ግን አልከፋኝም። ከጻፍኩት ሁሉ ዱሮም የነበረ የተባለልኝ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ልቤ እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። «መንገድ ላይ ይቆማል አይደል? አያናድድም?»

«ያናድዳል እንጂ!»

«ታዲያ ለምን ትጫወቺዋለሽ?»

«ገና አላለቀማ። ጽፈውታል እኮ። የጎደለውን እኛ እየነገርናቸው ነው።» ይህን ስትል የራሷን ቤት የምታሠራ ትመስል ነበር።

ሰልፉ ወደ ፊት ተጠጋ። ልጅቷ ገባች። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ወንድሜን ያየዋል። ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም።

«ወንድም፣ አትገባም እንዴ?» አሉት ከኋላችን የነበሩት አዛውንት።

«ግቡ አባት፣ እኔ ቀርቻለሁ።»

አዛውንቱ ገቡ፣ ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ወንድሜ እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ደወለ። የቢሮ አለቆቹን አመስግኖ እንደማይመለስ ነገራቸው። ከዚያ ሁለታችን ወደ ብሎካችን ተመለስን። ጎረቤቶቻችን ያስበየዱትን የደረጃ መያዣ ይዞ ከፊቴ እየወጣ፣ ዞር ሳይል «ሹፌሮቹ የሚሉት ነገር አንሷቸዋል» አለኝ። «አራተኛ ፎቅ ሳንደርስ አንድ አምጪ።»

ሦስተኛው ላይ አመጣሁለት።