እናቴን ኢንተርኔት ሳስገባት

እናቴን ስልክ ማስተማር የጀመርኩት ለጽድቅ ብዬ አይደለም፤ አላስቀምጥ ስላለችኝ ነው። የአቃቂው የቀበሌ ቤታችን መንገድ ሊያልፍበት ነው ተብሎ ፈረሰና ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣች። ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ አላት። የድሮ ጎረቤቶቿ ዕጣ ወደጣላቸው ተበታትነዋል፤ አዲሶቹ ደግሞ በጨለማ ወጥተው በጨለማ የሚመለሱ ሠራተኞች ናቸው፣ ደህና ዋሉ እንኳ የሚባባሉበት ሰዓት የላቸውም። እሷ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆማ ታች የሚያልፈውን ስታይ ትውላለች። ሰው ሲናፍቃት ለእኔ ሚስኮል ታደርጋለች። ደንግጬ ስደውል፣ «አለሽ ወይ ብዬ ነው» ትለኛለች። በቀን ስንቴ አለሁ ልበል!

የክር ፋብሪካ ጡረታዋ እንኳን ለስልክ ለዘይትም አይደርስ። እኔ አዲስ ስልክ ስገዛ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌውን ሰጠኋትና እሁድ እሁድ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። ወይ ፈተና! ቁንጫ እንደምትገድል በጥፍሯ ነው የምትጫነው።

«በጥፍር አይሰማም እማዬ፣ በጣትሽ ሥጋ ንኪው!»

«ምን ያለው ቅንጡ ነው፣ ጥፍርና ሥጋ የሚለየው!»

ካሜራውን ስከፍትላት የራሷን ፊት አየችና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፀጉሯን ሸፈነች። ከዚያ ስልኩን አገላብጣ አየችና፣ «ይኼ ነገር የትም አገር ያለ ሰው ያሳያል ነው የምትዪው?» አለችኝ።

«ያሳያል።»

«ያቺንስ?»

ደነገጥኩ። «ያቺ» አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ እህት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እናቴ አዝላ ያሳደገቻት፣ ልጄም እህቴም የምትላት ነበረች። አክስቴ የባቡር ሠራተኛ አግብታ እዚያው አቃቂ ጎረቤታችን ሆና ኖረች። የድንበሩ ጦርነት ሲመጣ ባሏ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ ተባረረ፤ እሷም ልጆቿን ይዛ አስመራ ድረስ ተከተለችው። ስልኩም ተቆረጠ፣ መንገዱም ተዘጋ። እናቴ አንድ ጊዜ ሱዳን በሚመላለስ የሰፈራችን የከባድ መኪና ሹፌር በኩል መልእክት ላከችላት። መልስ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ የለም። ከዚያ በኋላ አክስቴ ስም አጣች፣ «ያቺ» ሆና ቀረች። «አዝዬ አሳድጌያት ረሳችኝ። ብሞት እንኳ እንዳትነግሯት!» ብላ እኛንም አስጠነቀቀችን። ስሟን ያነሳ ሰው በዚያ ቤት ምሳ አይበላም ነበር። እንግዲህ ይህቺው ሴትዮ ናት «ያቺንስ?» ያለችኝ።

ፈለግኋት። የአክስቴን ትልቅ ልጅ ስም በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ፊደል እያገላበጥኩ ስጽፍ ቆየሁ። የዓለም ሰው ሁሉ በዚያ ስም የሚጠራ መሰለኝ። በመጨረሻ አንዲት ፍንጭት ሴት ብቅ አለች። ራሷ ናት! አብረን ሱዚ የተጫወትን፣ የምታጭበረብረኝ ልጅ። ካርቱም ነው የምትኖረው። እናቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እያየች ጻፍኩላት፤ የአቃቂዋ የአክስትሽ ልጅ ነኝ፣ እማዬ እናትሽን ማየት ትፈልጋለች አልኳት።

«የማን እማዬ?» ብላ መለሰች።

«የእኔ እናት። አክስትሽ።»

ትንሽ ቆየችና ጻፈች፦ «እግዚአብሔርን አትፈሪም? በሞተ ሰው ስም ልትለምኚ ነው? ሌባ!»

ክው አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ አክስቴ ሞታለች የሚል ነው። ለእናቴ ምን ብዬ ነው የማረዳት? መርዶ በሌሊት፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው እንጂ እንዲህ በተሰነጠቀ ስልክ ይነገራል? የማረጋግጥ መስሎኝ የልጅቷን ገጽ ከፍቼ ፎቶዎቿን ወደ ታች መሳብ ጀመርኩ። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ከዚያ እናቴ አለች።

የእኔ እናት! ፋብሪካው በር ላይ ሻሽ አስራ የተነሳችው ፎቶ፣ ግራና ቀኝ ሻማ በርቶበት። ስልኩን ልገለብጠው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ውይ፣ እኔ ነኝ እኮ!» አለች ደስ ብሏት። «አየሽ ወጣትነቴን! ሻማው ምንድን ነው? ልደት አከበሩልኝ እንዴ? የተወለድኩበትን ቀን እኔው ራሴ አላውቀው፣ እነሱ ከየት አገኙት?»

እሷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ በመሠረተ ትምህርት እንደተማረችው ፊደሉን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። በትግርኛ ነው የተጻፈው፣ ፊደሉ ግን ያው የእኛው ፊደል ነው። «ነ…ፍ…ስ። ይ…ም…ሓ…ር።» ቀና ብላ አየችኝ።

«የማንን ነፍስ?»

«እማዬ፣ ስህተት ይሆናል…»

«ምን ስህተት አለው! ገድለውኛል እኮ! በቁሜ!» ያ እምቢ የሚላት ጉልበት ምን እንደነካው እንጃ፣ ዘላ ተነሳች። እኔ ለልጅቷ ምን ብዬ ልጻፍ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ የቪዲዮዋን ምልክት ተጫነችው።

ልጅቷ አነሳች። ልትሰድበኝ አፏን ከፍታ ነበር፣ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ስልኩ ከእጇ ወደቀ መሰለኝ፣ የሚሽከረከር የጣሪያ ቬንትሌተር ብቻ ታየን፤ ጩኸቷ ግን ይሰማል። ሰው ሲሮጥ ተሰማ። አንዲት ሽበት የወረራት ሴት ብቅ አለች። አክስቴን መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም ነበር።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» እያለች ሰይጣን እንዳየች ሁሉ አማተበችብን። «እትዬ ሞታለች። አንቺ ማን ነሽ?»

«እትዬሽ ነኛ፣ አንቺ ከይሲ! ማን ነው የገደለኝ?» እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ስልኩ ላይ ደቀነችው። «ይኸው! የፈላ ሽሮ ደፍተሽብኝ ያቃጠልሽኝ! ሙት ጠባሳ ይዞ ይዞራል?»

አክስቴ ጠባሳውን አይታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ የሰማነው ለቅሶ ብቻ ነው። እናቴም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ቆይታ እናቴ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «እሺ፣ መሞቴን ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«አንቺው የላክሽው ሹፌር ነዋ! ሱዳን ድንበር ከሰላ ላይ ለአንድ ነጋዴ ነገረው፣ ነጋዴው ያኔ አስመራ ቤታችን ድረስ መጣ። ‹የአቃቂዋ እህትሽ አርፋለች› አለኝ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ውይ አፌን በቆረጠው!»

«ምነው እማዬ?»

«ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ነው እኮ! ስለ እኔ እንዳትጨነቅ፣ ከዚያ ማሽን ተገላገልኩ፣ አርፌያለሁ በልልኝ ያልኩት እኔው ነኝ!»

ኧረ የማርያም ያለህ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ግን ሰምቼም አላውቅ። ሰው የገዛ መርዶውን ይልካል? ያውም ሰላምታ መስሎት! እኔ ራሴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ለቅሶው ያወራሉ።

«ታዲያ አለቀስሽልኝ?»

«ምን ትያለሽ እትዬ! ፀጉሬን ተላጨሁ። ፍትሃት አስፈታሁ። አርባሽን አወጣሁ፣ የእኛ ሰፈር ሰው በሙሉ በላ፣ ጠጣ።»

«እኔ እዚህ ሽሮዬን እየበላሁ እናንተ እዚያ ተዝካሬን በላችሁ!»

«ዕድሜሽ ረዘመ እትዬ፣ ዕድሜሽ ረዘመ!» እያለች ትስቅና ታለቅሳለች።

ዳታው እዚያ ላይ አለቀ። የአክስቴ ምስል አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ነገ እሞላዋለሁ አልኩ። እናቴ የሰማችኝም አልመሰለኝ። ድንጋጤው አልለቀቀኝም፤ ውሃ ቀድቼ አቀረብኩላት። አሁን ትቆጣለች፣ ወይ ሟርት ነው ብላ ጠበል ውሰዱኝ ትላለች ብዬ ፊት ፊቷን አያለሁ። ፊቷ ግን በርቷል።

«ፀጉሯን ተላጭታልኛለች፣ ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ እማዬ።»

«አልረሳችኝም እኮ» አለች። «ሞቼባት ነው።»