የሴገድ ወንዝ ሲሞላ

አሁን በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የአበሻ ቅመማ ቅመም ቤት ገብቼ ባለሱቁ አንድ ከረጢት ቀይ በርበሬ ሲፈታ ሽታው ያዘኝ። ጠጋ ብዬ በጣቴ ቀመስኩ።

«እትዬ፣ እሱ የኛ አይደለም፤ አያቃጥልም» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩት።

ሃንጋሪ ውስጥ፣ ቲሳ የሚባል ወንዝ ዳር፣ ሴገድ የምትባል ከተማ አለች። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የገባሁበት የአገር ቤት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ልጅ እግር ሳለሁ ለሥልጠና የላከኝ እዚያ ነው። በመከር ወራት የየቤቱ ግድግዳ በክር በተሰካ በርበሬ ይቀላ ነበር። አንድ ቀን የምሠለጥንበት የሴገድ ፋብሪካ ሴቶች የሚያቃጥለውን መርጠው ዓሣ ሾርባዬ ውስጥ ጨመሩና እስካለቅስ ጠበቁ። እኔ ጨርሼ ዳቦ ጠየቅኩ። «ይቺ ልጅ ምላሷ ከቆዳ ነው የተሠራው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ተላመድን።

ጸደይ ሲመጣ ግን በረዶው ቀለጠና ቲሳ ሞላ። ቢጫ ውሃ የተነቀለ ዛፍ እያንከባለለ፣ የረጠበ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል እየሸተተ ይወርዳል። ያቺ ከተማ ድሮ በጎርፍ ተጠርጋ እንደነበር ሰምቼ ስለነበር እንቅልፍ አጣሁ። ሥልጠናውን ጥዬ ብመለስ ሥራዬ እንደሚቀር፣ እናቴና ታናናሾቼም የሚኖሩት በእኔ ደሞዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ግን አሸነፈኝና ሻንጣዬን ሸከፍኩ።

የሽመና ክፍል አለቃችን ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ሻንጣው ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። አልተቆጡም።

«መጀመሪያ ከተማውን እይ፤ ከዚያ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ቋንቋቸውን ያኔ እየተንተባተብኩም ቢሆን እችል ነበር።

ያ የድሮው ጎርፍ የደረሰበትን ምልክት ግድግዳ ላይ አሳዩኝ። ቀጥሎ ከተማዋን የሚዞረውን ሰፊ መንገድ ይዘን ሄድን። ይሄኛው የቪየና፣ ያኛው የፓሪስ፣ ወዲያ ያለው የሮም መንገድ ይባላል አሉኝ።

«ለምን በሰው አገር ስም?»

«ከጎርፉ በኋላ ስንሠራ የረዱን ከተሞች ናቸው። ውለታቸውን እንዳንረሳ በየቀኑ እንረግጠዋለን» ብለው ሳቁ።

ባለ ሁለት ግንቡ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከጎርፉ የተረፉት የተሳሉት ስለት ነበር። ስለት መሆኑን ስሰማ ልቤ ትንሽ ረጋ። ይህንንስ ከቤቴም አውቀዋለሁ።

«እርስዎ አይፈሩም?» አልኳቸው።

«እንዴት አልፈራም? አያቴን በጀልባ ነው ያወጧት። ሥራ ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት ሄጄ ውሃውን አየዋለሁ። ነገ አብረሽኝ ነይ።»

ዛሬ ልጄ ለሥራ ራቅ ወዳለው ቶራንስ ከተማ ስትነዳ እስክትደርስ እደውላለሁ። «ማሚ፣ ፓርክ እያደረግኩ ነው፣ ኦኬ?» ትለኛለች። ፈሪነቴን ሁሉም ያውቀዋል። ፈሪ ሳይሉኝ አብረውኝ የፈሩት ግን እኚያ ሴት ብቻ ናቸው።

ሻንጣዬን ፈታሁ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ወንዙ ዳር ቆመን ውሃውን እናያለን። አንድ ቀን ውሃው ወርዶ በጭቃ የተለሰነው ደረጃ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚያስኬደን ነገር አልነበረም። እኛ ግን መሄዱን አልተውንም።

ሥልጠናዬን ጨርሼ ተመለስኩ፤ ታናናሾቼም በዚያ ሙያ አደጉ። ከሴገድ በወጣሁበት ዕለት ጠዋትም ወንዙ ዳር ወርደን ነበር። ቲሳ ጸጥ ብሎ ይፈስሳል።

«እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ብቻዎን ነው የሚያዩት» አልኳቸው።

«ላንቺም ጨምሬ አየዋለሁ» አሉኝ።