አባቴ ፍሊፐር የተጫወተበት ቀን

ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመንደራችን ከጪጩ ተነስቼ ዲላ ከተማ እገባለሁ፤ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸውን ሰሌዳዎች እዞራለሁ፤ ትናንት ያነበብኩትን ወረቀት ዛሬም አነባለሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ባዶ ነው። ቤት ብመለስም መቀመጥ አይሆንልኝም። እናቴ "ወይ ውጣ ወይ ግባ፣ በሩ ላይ አትንቆራጠጥ" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝናብ ሲያባርረኝ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ መጠጥ ቤት ገባሁ። እኛ ቤት መጠጥ ቤት የሚገባ የለም፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ለስላሳ አዝዤ ስቀመጥ ጥግ ላይ ፍሊፐሩን አየሁት፤ ባለ አራት እግር አሮጌ ሳጥን፣ ከላይ መስታወት የተገጠመለት፣ ውስጡ የብረት ኳስ ከመብራት መብራት እየተላተመች የምትሮጥበት። የቤቱ ባለቤት ጠና ያለች ሴት ናት። ሟች ባሏ አዲስ አበባ ከተዘጋ ቡና ቤት ገዝቶ በጭነት መኪና ያመጣው ነው። "የሚበላው ሳንቲም ዛሬ ከገበያ ጠፍቷል" አለችኝና ጎኑን ከፍታ በእጇ አስነሳችልኝ።

ኳሷ ወደ ታች ስትወርድ በግራና በቀኝ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ በሁለቱ መቅዘፊያዎች መልሶ መምታት ነው ጨዋታው። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳዎቹን ትቼ በቀጥታ ወደዚያ መሄድ ጀመርኩ። ኳሷ ልትወድቅ ስትል ሳጥኑን በሁለት እጄ እነቀንቃለሁ፤ ያኔ መብራቱ ድርግም ይልና ጨዋታው ይቆማል። "አትነቅንቀው፣ ያኮርፋል" ትለኛለች ሴትዮዋ።

ወሬው አባቴ ጆሮ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃንጥላውን ብብቱ ስር ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ "ይቀመጡ አባባ" አለችው፤ አልተቀመጠም። ክንዴን ይዞ የሚያስወጣኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

"ይሄ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ምን ይሰጥሃል?"

"ምንም። እዚህ ስቆም ግን ሌላ ነገር አላስብም።"

ጃንጥላውን ወንበር ላይ አስደግፎ "አሳየኝ" አለ።

ቁልፎቹን አሳይቼው ቦታዬን ለቀቅሁለት። የመጀመሪያዋ ኳስ በመቅዘፊያዎቹ መሃል ቀጥ ብላ ወረደች። "አለቀ?" አለ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋን አንዴ መታት፣ ደግሞ መታት፤ ልትወርድ ስትል ሳያስበው ሳጥኑን ገፋው። መብራቱ ጠፋ። የሰው ዕቃ የሰበረ መስሎት እጁን ሰበሰበ። ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

ወደ ጪጩ በእግር ተመለስን። የሞያሌ መኪኖች እያለፉን፣ በወጣትነቱ ሦስት ጊዜ ልብሱን ጠቅልሎ እዚሁ መንገድ ዳር እንደቆመ፣ ሦስቴም ሳይሳፈር ወደ ቡና ማሳው እንደተመለሰ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

"አንተ ሰሌዳ አትጠብቅ" አለኝ። "ሂድ።"

በወሩ ሐዋሳ ሄጄ መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። እዚያም ቶሎ ቶሎ ይሰለቸኝ ነበር፤ ሥራ ግን ነበረኝ። አንድ እሁድ አባቴ በስልክ እንደነገረኝ፣ መጠጥ ቤት ገብቶ መጫወቱን ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ራሱ ነግሯቸዋል። ሁለቱ ሳቁ፤ አንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለውም።

"እና ምን አልካቸው?" ስለው፣

"ምን እላቸዋለሁ፣ ልጄ እዚያ ነበር" አለኝ።